የነቢያት ቃል፦ ስለ እኛ ወይስ ለእኛ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾመ ነቢያት በየዓመቱ ኅዳር 15 ቀን ይገባል። በእኛ አገር ኅዳር ሌላም ሥራ የሚበዛበት ወር ነው። ከሰኮሩ ጀምሮ እስከ ሊሙ፣ እስከ ማና፣ እስከ ጎማና ጌራ ድረስ ቡናው ቀልቶ ይለቀማል፤ ከየጓሮው ቅርጫትና ጆንያ ይወጣል፤ በየመንገዱ ዳር ሚዛን ይሰቀላል። እኛ ሰኮሩዎች በቆሎውና ጤፉ ቢበዛልንም ቡናው አይጠፋንም፤ የቡናው ገንዘብም በእኛ በኩል ሳያልፍ አይቀርም፤ መንገዳችን የጅማ መንገድ ነውና። እንግዲህ ጾሙና ለቀማው በአንድ ወቅት ይገናኛሉ ማለት ነው። ይሁን እንጂ አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ ሁለተኛው ከቅጽሩ ውጭ ስለሚውል፣ ሁለቱን በአንድነት የሚያስብ ሰው ብዙ አይገኝም።

በዚህ ዓመት የጥናት ክፍላችን ከ12ቱ ደቂቀ ነቢያት አንዱን፣ ነቢዩ ዓሞጽን፣ በጾሙ ሳምንታት ሲያጠና ግን ሁለቱን ለይቶ ማሰብ አልተቻለንም። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበውም በዚያ ጥናት ላይ የተነሣውን ጥያቄ ነው። ነቢያት የተናገሩት ስለ እኛ ነውን? ወይስ ለእኛ? ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው፤ ነገር ግን በዚህች በአንዲት ፊደል ምክንያት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ነቢያትን እያነበበ አንድ ቀንም ሳይሰማቸው ሊኖር እንደሚችል ተገንዝበናል።

በመጀመሪያ ነቢይ ማለት ምን ማለት ነው? በዕብራይስጡ ናቪ፣ በግዕዙ ነቢይ፣ በዐረብኛው ነቢ ይባላል፤ ሦስቱም የአንድ ዘር ቋንቋዎች እንደ መሆናቸው ቃሉም አንድ ነው። ብዙዎቻችን ነቢይ ሲባል የሚመጣውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ይመስለናል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 7 ላይ ግን እግዚአብሔር ሙሴን ወደ ፈርዖን ሲልከው ወንድሙ አሮን ነቢይ እንደሚሆንለት ይነግረዋል። አሮን ለሙሴ ትንቢት አልተናገረለትም፤ አፍ ሆነለት እንጂ። ስለዚህ ነቢይ ማለት አስቀድሞ የላኪውን ቃል ይዞ የሚናገር አፍ ነው፤ ስለሚመጣው መናገሩም የሚሰጠው ላኪው ስላናገረው ነው። ላኪው ስለ ነገ ቢያናግረው ስለ ነገ፣ ስለ ዛሬ ቢያናግረው ስለ ዛሬ ይናገራል።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ነቢያትን የምታነብበት መንገድ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ተብለው ተሰይመዋል። ነቢያት የጌታን መምጣት እንደ ሰበኩ፣ ብርሃኑን እንደ ናፈቁ፣ እረኝነቱን እንደ ለመኑ በዝማሬ ይታሰባል። ኢሳይያስ ከድንግል እንደሚወለድ፣ ሚክያስ በቤተ ልሔም እንደሚወለድ ተናግረዋል። ይህ እውነት ነው፤ የእምነታችንም መሠረት ነው። ነቢያቱ የጾሙትን ጾም የምንጾመው እነርሱ በተስፋ የጠበቁትን እኛ በፍጻሜ ስላገኘነው ነው።

ነገር ግን የአብነት መምህራኖቻችን ብሉይን ሲተረጉሙ የሚሉትን ልብ ብለን እንስማ። አንዱን ቃል ይዘው «ለጊዜው» ብለው ይጀምራሉ፤ ቃሉ በተነገረበት ዘመን ለነማን እንደ ተነገረ ታሪኩን ያስቀምጣሉ። ከዚያ በኋላ «ፍጻሜው ግን» ብለው ወደ ምሥጢሩ ይሻገራሉ። መምህሩ ለጊዜው የሚለውን ዘልሎ ፍጻሜው ላይ አይወጣም። እኛ ወጣቶቹ ግን ዘወትር የምንዘልለው እርሱን ነው። የኢሳይያስን 7ኛ ምዕራፍ ስንጠየቅ ሁላችንም ስለ አማኑኤል እንመልሳለን፤ ምዕራፉ በሁለት ነገሥታት ዛቻ ልቡ የራደውን ንጉሥ አካዝን ይዞ እንደሚጀምር ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በፍርሃት ጊዜ በማን እንታመን የሚለው የአካዝ ጥያቄ ደግሞ ከአካዝ ጋር አልተቀበረም።

ጌታችን ራሱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ላይ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን ከወቀሰባቸው ነገሮች አንዱ የነቢያትን መቃብር ማነጻቸውና ማስጌጣቸው ነው። መቃብር ማስጌጥ ክፉ ሥራ ሆኖ አይደለም። ለሞተው ነቢይ አበባ እያኖሩ ሕያው ሆኖ በመጣባቸው ጊዜ ግን የሚሉትን እርሱ ያውቅ ስለ ነበር ነው። እኛ ደግሞ በስማቸው እንጾማለን። ጾሙ ጌጥ እንዳይሆንብን ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ዓሞጽ እንምጣ። ዓሞጽ የነበረው በ8ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ በይሁዳ ዖዝያን፣ በእስራኤል ዳግማዊ ኢዮርብዓም በነገሡበት ዘመን ነው። ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ከምትገኝ ከቴቁሔ የወጣ እረኛና የዱር በለስ የሚያለማ ሰው ነበር። የነቢያት ማኅበር አባል አልነበረም፤ የነቢይም ልጅ እንዳልሆነ በራሱ አፍ ተናግሯል። ዘመኑ ለእስራኤል የጦርነት ወይም የረኃብ ዘመን አልነበረም። ድል የበዛበት፣ ንግድ የሞቀበት፣ ሀብታሞች የክረምት ቤትና የበጋ ቤት፣ በዝሆን ጥርስ ያጌጠ አልጋ የነበራቸው ዘመን ነው። በቤቴል መሥዋዕቱ አልተጓደለም፤ ዝማሬውም አልተቋረጠም። እንግዲህ እግዚአብሔር ይህን እረኛ ከበጎቹ መካከል አንሥቶ ወደዚያ የላከው የአምልኮት ጉድለት በዓይን በማይታይበት ጊዜ ነው።

አነጋገሩ እጅግ ይደንቃል። ወደ እስራኤል መጥቶ የእስራኤልን ኃጢአት በመናገር አልጀመረም። በደማስቆ ጀመረ። ከዚያ ወደ ጋዛ፣ ወደ ጢሮስ፣ ወደ ኤዶምያስ፣ ወደ አሞን፣ ወደ ሞዓብ ሄደ። እያንዳንዱን በግፉ ስሙን እየጠራ ወቀሰ። ሰሚዎቹ በዚህ ሰዓት ምን ያህል ደስ ብሏቸው እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ጠላቶቻቸው ናቸውና ራሳቸውን እየነቀነቁ «እውነት ነው! እውነት ነው!» ሳይሉ አልቀሩም። ቀጥሎ የደቡብ ወንድማቸውን ይሁዳን ጠራ፤ ይህም ቢሆን ሳይከፋቸው አልፏል እንበል። ክበቡ እንዲህ እየጠበበ፣ እየጠበበ መጥቶ በመጨረሻ የቆመው በእነርሱ ላይ ነው። ለእስራኤልም የተናገረው ከሌሎቹ ሁሉ የረዘመ ነው። ጻድቁን በብር፣ ድሀውን በአንድ ጥንድ ጫማ ስለ መሸጣቸው ተናገረ፤ በመያዣ የወሰዱትን የድሀ ልብስ በመሠዊያው አጠገብ አንጥፈው ስለ መተኛታቸው ተናገረ።

እኛም በጥናታችን ላይ ይህንኑ መንገድ በቡናችን ላይ ሄድንበት። የቡና ነገር በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚወቀሰው ሩቅ ያለው ነው። የዓለም ዋጋ የሚቆረጠው በኒው ዮርክ ገበያ ነው፤ የለቃሚዋን እጅ ያላዩ ሰዎች ናቸው የሚቆርጡት። የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት በ1981 ዓ.ም. ሲፈርስ ዋጋው ተንኮታኩቶ ወድቆ ስንት ቤት እንዳራቆተ ታላላቆቻችን ይናገራሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዓሞጽም ስለ ደማስቆ የተናገረው እውነት ነበር። ከዚያ ወደ ላኪው እንመጣለን፤ እርሱም የሚወቀስበት አያጣም። ከዚያ ወደ አቅራቢው። እዚህ ድረስ ሁላችንም ራሳችንን እየነቀነቅን ተስማማን። ከአቅራቢው ቀጥሎ ያለው ግን በመንገድ ዳር ሚዛን የሰቀለው ሰብሳቢ ነው። ሰብሳቢውን እናውቀዋለን። እሑድ ጠዋት አብሮን ያስቀድሳል፤ ለበዓል ጧፍና ዕጣን ያመጣል፤ የአንዳንዶቻችን አጎት፣ የአንዳንዶቻችን የክርስትና አባት ነው። እዚህ ላይ ስንደርስ ጉባኤው ጸጥ አለ።

ስለ ሚዛኑ ጥቂት እንናገር፤ ነገሩን የማያውቅ የከተማ አንባቢ ሊኖር ይችላልና። እሸት ቡና እንደ እህል በጎተራ አይቀመጥም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መቡካት ይጀምራል፤ ዋጋም ያጣል። ስለዚህ ገበሬው እሸቱን ተሸክሞ ሚዛኑ ዘንድ ሲደርስ ቀኑ መሽቷል፤ ዋጋው ወይም ልኬቱ ባይጥመው «ተወው፣ ወደ ቤቴ እመልሰዋለሁ» ለማለት አይችልም። ደርቆ ጀንፈል የሆነው ቡና ግን ሊቆይ ስለሚችል ባለቤቱ ትንሽ ይከራከርበታል። የሚዛኑ ሥልጣን የሚመጣው እንግዲህ ከብረቱ ሳይሆን ከምሽቱ ነው። «ለጆንያው» ተብሎ ይቀነሳል፤ «ለእርጥበቱ» ተብሎ ይቀነሳል፤ ጠቋሚው ሳይረጋ ይነበባል። ከየ20 ኪሎው 1 ኪሎ ብቻ ቢጎድል በወቅቱ 600 ኪሎ ያመጣ ገበሬ 30 ኪሎ ያጣል። ከ6 ኪሎ ያህል እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣልና የጠፋው ወደ 5 ኪሎ ንጹሕ ቡና ነው። ለልጁ ደብተርና ጫማ የሚሆን ነበር። (ዓሞጽ ስለ ጫማ መናገሩ እንዲያው በአጋጣሚ ነው ብለን ለማለፍ አልቻልንም።) በክረምት፣ ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ፣ ለእህል መግዣ የተበደረ ገበሬ ደግሞ የሚሸጥበትን ሰው እንኳ መምረጥ አይችልም፤ ቡናው ሳይቀላ ተሸጧል።

በዓሞጽ ዘመን የነበሩት ነጋዴዎች ያደርጉ የነበረው ከዚህ በመልኩ ይለያል። እነርሱ ለድሀው እህል ሸጮች ነበሩ፤ ስለዚህ የእህሉን መስፈሪያ ያሳንሱ፣ የብሩን መመዘኛ ያከብዱ ነበር። እዚህ ገዢው ነው ሚዛኑን የያዘው። ብልሃቱ ተገላበጠ፤ ድሀው ግን በሁለቱም ቦታ በዚያው በጎደለው በኩል ቆሞ ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን በ8ኛው ምዕራፍ ላይ ያለው ነው። ነጋዴዎቹ ሰንበትን አልሻሩም። አክብረውት ተቀምጠዋል። ተቀምጠው ግን መቼ አልፎልን ሱቃችንን በከፈትን እያሉ በልባቸው ይቆጥራሉ። ሰውነታቸው በበዓሉ፣ ልባቸው በሚዛኑ ላይ ነበር።

በጥናቱ ላይ አንድ ወንድም ተነሥቶ ይህ ሁሉ በኦሪት ሥር ለነበሩት ለእስራኤል የተነገረ ነው፤ እኛ በጸጋ ያለን ክርስቲያኖች ነን ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። መልሱን ያገኘነው ግን ከሐዲስ ኪዳን ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የአጫጆች ደመወዝ ተቀንሶ በቀረበት ቦታ ሆኖ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም በእግዚአብሔር ጆሮ እንደ ገባ ለክርስቲያኖች ጽፏል። ይህን ያነበበ ሰው ዓሞጽ ከኦሪት ጋር አልፏል ለማለት አይደፍርም። ጸጋ ሚዛንን አቃንቶ ይሠራል እንጂ ለተንጋደደ ሚዛን ፈቃድ አይሰጥም።

እኛን ዘማርያኑን የሚነካውንም ሳንሸሽግ እንናገር። በ5ኛው ምዕራፍ ላይ እግዚአብሔር የዝማሬአቸውን ድምፅ ከፊቱ እንዲያርቁለት፣ የበገናቸውንም ዜማ እንደማይሰማ ይናገራል፤ የሚሻው ፍርድ እንደ ውኃ፣ ጽድቅም እንደማይደርቅ ፈሳሽ ሲወርድ ማየት ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤት ከዚህ የከበደ ቃል ምን አለ? ነጭ ለብሰን፣ ከበሮ ይዘን በምንቆምበት በዚያ ሥፍራ ላይ የመጣ ቃል ነው። ዓሞጽ ዝማሬ ይቅር አላለም፤ ዝማሬ የእግዚአብሔር ነውና። ዝማሬው የሚዛኑን ድምፅ እንዳይሸፍነው ነው የተናገረው። ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ ስለ ጾም ተመሳሳይ ነገር ተናግሯል፤ ጾመው ሳለ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ወቅሶ፣ የተመረጠው ጾም የግፍን እስራት መፍታትና እንጀራን ለተራበ መቁረስ መሆኑን አስተምሯል። ከወተትና ከሥጋ መከልከል ሳያስቸግረን ከዚህኛው መከልከል ለምን እንደሚያስቸግረን እያንዳንዱ ራሱን ይጠይቅ።

ጥናቱ ሊያበቃ ሲል ግን ከመካከላችን አንዱ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ፣ እጁን አወጣና እንዲህ ሲል ጠየቀ። «የእኔ አባት ሰብሳቢ ናቸው። የትምህርቴም ወጪ ከዚያው ሚዛን ነው የወጣው። ዛሬ ማታ ቤት ገብቼ ለአባቴ ዓሞጽን ላንብብላቸው ትላላችሁ? አባትህንና እናትህን አክብር የሚለውስ?» መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። መምህራችንም ለሚቀጥለው ሳምንት አሳደሩት። እኛም እዚህ ላይ ጥያቄውን ጥቂት እናሳድረውና ሁለት ነገር እንይ።

አንደኛው በዘመናችን ነቢይ ስለሚባሉት ነው። ዛሬ በአገራችን በየከተማው ራሳቸውን ነቢይ ብለው የሚጠሩ በዝተዋል። ሕዝቡም ወደ እነርሱ ይጎርፋል፤ የሚጠይቀውም ስለ ውጭ አገር ቪዛ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ ነው። የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ መልካም ነገር ብቻ ነው። ይህን ስንል በሌላው ቤት ብቻ እንዳለ አድርገን መናገራችን አይደለም። በእኛም በኩል ባሕታዊ ነኝ እያለ፣ ሰንሰለት ታጥቆ በየጸበሉ ሕልም የሚነግድ አለ። የጥንቱ ዘመንም ከዚህ የጸዳ አልነበረም። በኤርምያስ 28ኛ ምዕራፍ ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሕዝቡ ሁሉ ፊት የኤርምያስን ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ ሰበረና የባቢሎን ቀንበር በ2 ዓመት ውስጥ እንደሚሰበር ተናገረ። ኤርምያስ ግን ምርኮው 70 ዓመት እንደሚቆይ ነበር የተናገረው። ከ2 ዓመትና ከ70 ዓመት የትኛውን እንወድዳለን? የኤርምያስ መጀመሪያ መልስ ግን ልብን ይነካል፤ ያልኸው በሆነ፣ እግዚአብሔርም ቃልህን በፈጸመልህ የሚል ምኞት ነበር። በሕዝቡ ላይ የሚመጣውን ክፉ ነገር ለመናገር አልተደሰተም። በእኛ አስተያየት እውነተኛው ነቢይ የሚለይበት ዋና ምልክት ይኸው ነው፤ ቃሉ አስቀድሞ እርሱን ራሱን ያስለቅሰዋል፤ ያስከፍለዋልም። ሐናንያን ቃሉ በተናገረበት ሰዓት ምን አስከፈለው? ጭብጨባ ነው ያተረፈለት። ስለዚህም ዓሞጽን አንብቦ በማግሥቱ ነጋዴውን ለመስደብ የሚነሣ ወጣት ራሱን ነቢይ ያድርግ እንጂ ከነቢያት ወገን መሆኑ ያጠራጥራል።

ሁለተኛው አገራችንን የሚመለከት ነው። ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የሚናገረውን የዳዊትን መዝሙር የማያውቅ ልጅ የለም። ዓሞጽም ኢትዮጵያን በ9ኛው ምዕራፍ አንሥቷታል። ይህን ግን በየግድግዳው ተጽፎ አናየውም። እግዚአብሔር እስራኤልን፣ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ እስራኤልን ከግብጽ እንዳወጣ ፍልስጥኤማውያንንና ሶርያውያንንም ከሩቅ አገር ያወጣ እርሱ መሆኑን ያስታውሳቸዋል። ይህን ለማመስገኛ ብንወስደው ይቻላል፤ በእግዚአብሔር ፊት ያልተረሳን መሆናችንን ያሳያልና። ነገር ግን ቃሉ የተነገረው ተመርጠናል የሚሉትን ትምክሕት ለመስበር ነው። ዛሬ ይህ ትምክሕት የማን ነው? ጾመን በምንወጣባት ገበያ፣ ሚዛኑ ፊት ጆንያውን ይዞ የቆመው ገበሬ ብዙውን ጊዜ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። ጾመ ነቢያት መቼ እንደ ገባ ላያውቅ ይችላል። ሚዛኑን ግን አሳምሮ ያውቀዋል። ስለ ነቢያቶቻችን የሚማረውም ከመጽሐፋችን ሳይሆን ከዚያው ከሚዛኑ ነው። ፍልስጥኤማውያንን ከአገራቸው ያወጣ አምላክ የዚህን ገበሬ ኪሎ አይቆጥርም የሚል ክርስቲያን ካለ ዓሞጽን ገና አላነበበም።

በነቢያት መጻሕፍት ውስጥ በስሙ የተጠራ አንድ ኢትዮጵያዊ ደግሞ አለ፤ እርሱም አቤሜሌክ ነው። በንጉሥ ሴዴቅያስ ቤት የሚያገለግል ጃንደረባ ነበር። ኢየሩሳሌም ተከብባ ሳለ አለቆቹ ኤርምያስን ውኃ በሌለበት፣ ጭቃ ብቻ ባለበት ጉድጓድ ጣሉት። በዚያች ከተማ ካህናትም፣ ነቢያት ነን የሚሉም፣ የኤርምያስ የአገር ልጆችም ነበሩ። ወደ ንጉሡ የሄደው ይህ የባዕድ አገር ሰው ነው። አካሄዱን እንመልከት። በአደባባይ አልጮኸም። ንጉሡ በበር ተቀምጦ ወዳለበት ሄዶ፣ ጌታዬ ንጉሥ ብሎ፣ የተሠራው ክፉ መሆኑንና ሰውየው በረኃብ እንደሚሞት ነገረው። ክፉውን ግን ክፉ ከማለት አልተመለሰም። ፈቃድ ካገኘ በኋላ ሰዎች ይዞ ሄደ፤ ገመድም ያዘ። እዚህ ላይ መጽሐፉ ማንም ባልጠየቀው ነገር ላይ ይቆያል። አቤሜሌክ ከቤተ መንግሥቱ ዕቃ ቤት አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ፈልጎ አመጣ፤ ገመዱ እንዳይቆርጠው በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ጨርቁን ለኤርምያስ አወረደለት። ከዚያ በኋላ ነው የሳቡት።

በዚህች ጨርቅ ላይ አንድ ሙሉ እሑድ ተወያይተናል። ነቢዩን ከጉድጓድ ለማውጣት ገመዱ ይበቃ ነበር። እውነትም እንደ ገመድ ናት፤ ትስባለች፤ ጨርቅ ሳታደርግ የሳብህባት እንደ ሆነ ግን የምታድነውን ሰው ትቆርጠዋለች። ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው በተረፈ ባሮክ እንደ ተጻፈው ይኸው አቤሜሌክ ኢየሩሳሌም ስትጠፋ እንዳያይ እግዚአብሔር በዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት አስተኝቶታል፤ ሲነቃም በቅርጫቱ የያዘው በለስ ገና ትኩስ ነበር። ነቢይ አልነበረም። አንድም ትንቢት አልተናገረም። የነቢዩን ቃል ከሰሙት ሁሉ ግን እንደ ሰማ የሚቆጠረው እርሱ ነው።

ያ ወንድማችን ይህን ከተወያየን በኋላ ጥያቄውን አልደገመውም። ለአባቱ ዓሞጽን ማንበቡንም አልሰማንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ደብተሩን ይዞ ሚዛኑ አጠገብ መቀመጥ ጀመረ፤ አባቱን «አባባ፣ እርስዎ ይረፉ፣ እኔ ልጻፍ» ብሎ ለምኖ ነው። መጀመሪያ ባዶ ጆንያ መዘነና ክብደቱን በደብተሩ ራስጌ ጻፈ፤ ለጆንያ የሚቀነሰው ያ ብቻ ሆነ። ከዚያ እያንዳንዱን ሸክም ጠቋሚው እስኪረጋ ጠብቆ፣ ጆንያው ከመንጠቆው ሳይወርድ፣ ቁጥሩን በኦሮምኛ ጮክ ብሎ ያነባል። አባቱ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዝም ብለው አዩት። በሁለተኛውም ዝም አሉ፤ ግን ተነሥ አላሉትም። በሦስተኛው ቅዳሜ ከእኛ ሁለታችን በዚያ ስናልፍ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጆንያቸውን አሰቅለው ቆመው ነበር። ቁጥሩ ሲነበብ ወደ ሚዛኑ ቀና ብለው አዩና እንደ ገና እንዲያነብላቸው ጠየቁት። ደገመላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።